እፎይታና ፈውስ፦ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ስለ ካናቢስና ስለ አስገዳጅ ሐሳብ ሕመም የያዙት አቋም ታሪክ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ የማቀርበው ገለጻ ሁለት ታሪኮችን አጣምሮ የያዘ ነው። አንደኛው፣ ካናቢስ የተባለው ዕፅ በሥነ አእምሮ ሐኪሞች ዘንድ መጀመሪያ እንደ መድኃኒት፣ ቀጥሎ እንደ እብደት ምንጭ፣ አሁን ደግሞ ዳግመኛ እንደ መድኃኒት ዕጩ የታየበት ታሪክ ነው። ሁለተኛው፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ኦሲዲ» እየተባለ የሚጠራው የአስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት ሕመም ስምና ሕክምና ያገኘበት ታሪክ ነው። ሁለቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ጎን ለጎን ሲጓዙ ቆይተው በምርምር ቤት ውስጥ ፊት ለፊት የተገናኙት በእኛ ዘመን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታሪክ ሰው እንጂ ሐኪም ስላልሆንሁ፣ ዕፁ ለዚህ ሕመም ይታዘዝ ወይም አይታዘዝ ብዬ ልፈርድ አልቆምሁም። ልመልሰው የምሞክረው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አስተዋይና ሐቀኛ የሆኑ ሐኪሞች ስለ አንድ ዕፅ ይህን ያህል የተራራቀ አቋም የያዙት ስለ ምንድን ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሐኪሞቹ የተለያዩት ዕፁን ከተለያየ ስፍራ ቆመው ስለ ተመለከቱት ነው፤ ከዚህም በላይ፣ እፎይታን ከፈውስ ለይተው የመረመሩት ጥቂቶች ስለ ነበሩ ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ለየትኛውም ሕመም ይጠቅማል፤ በኦሲዲ ግን ነገሩ ሁሉ የሚንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው። ምክንያቱን ለማየት ከሕመሙ ጠባይ እንጀምር።

የሕመሙ አዙሪት

ኦሲዲ ያለበት ሰው ያልጋበዘው ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣበታል። እጄ ተበክሏል፣ በሩን ሳልቆልፍ ወጥቻለሁ፣ ልጄን ልጎዳ እችላለሁ፣ ጸሎቴ ተበላሽቷል፤ ሐሳቡ ብዙ መልክ አለው። ሐሳቡ ጭንቀት ይወልዳል። ሕመምተኛው ጭንቀቱን ለማብረድ እጁን ይታጠባል፣ ቁልፉን ተመልሶ ያያል፣ ይቆጥራል፣ ሰው ይጠይቃል። ጭንቀቱ ለጥቂት ጊዜ ይበርዳል፤ ከዚያ ሐሳቡ ይመለሳል፣ ያው ድርጊትም ይደገማል። አንዱን ኃጢአት ለንስሐ አባቱ ዐሥር ጊዜ ተናዝዞ ለዐሥራ አንደኛው የሚመለስ ምእመን፣ ውዱኡ አልሞላልኝም ብሎ ከውኃው የማይለይ ሰጋጅ፣ በዚህ አዳራሽ ላለን ሰዎች እንግዳ አይደሉም። ሙስሊም ወገኖቻችን ከዐረብኛ ወስደው «ወስዋስ» የሚሉት ይህን መሰሉን ውስጣዊ ጉትጎታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በዚህ ሕመም እፎይታ የአዙሪቱ አንድ ክፍል ነው። መታጠቡ ያሳርፋል፤ ስለሚያሳርፍም ይደጋገማል፤ ስለሚደጋገምም ፍርሃቱ ሐሰት መሆኑ ሳይፈተን ይኖራል። ስለዚህ «ይህ ነገር ሕመምተኛውን ያሳርፈዋልን?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም የጥያቄውን ግማሽ ብቻ ጠይቋል። ያሳረፈ ሁሉ ፈዋሽ ቢሆን ኖሮ ውኃና ሳሙናም ለኦሲዲ መድኃኒት በሆኑ ነበር።

ሕመሙን በጥንቃቄ ጽፈው ካቆዩልን የአውሮፓ ሐኪሞች አንዱ ፈረንሳዊው ኤቲየን ኤስኪሮል ነው። በ1838 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ስሟን በአንድ ፊደል ብቻ የጠቀሳትን፣ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች ሴት ታሪክ ያትታል። ይህች ሴት ሒሳብ ስትሠራ እንዳትሳሳት ትፈራ ነበር፤ ኋላም ገንዘብ ስትነካ ዋጋ ያለው ነገር በጣቶቿ ላይ ይቀርብኝ ይሆን እያለች ትጨነቅና እጇን ትፈትግ ነበር። ሆኖም ፍርሃቷ ከንቱ መሆኑን ራሷ ታውቅ ነበር። ኤስኪሮልን ያስገረመው ይህ ነው፦ ማስተዋል ሳይጠፋ ፈቃድ የሚሸነፍበት ሕመም። ከእርሱ በኋላ ፈረንሳዮች «የጥርጣሬ እብደት» አሉት፤ አንሪ ሌግራን ዱ ሶል በ1875 ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈበት። ጀርመናዊው ካርል ቬስትፋል ደግሞ በ1877 አስገዳጅ ሐሳብ ራሱን የቻለ ክስተት መሆኑን አብራርቶ ከሌሎች የአእምሮ ሕመሞች ለየው።

የኤስኪሮል ደቀ መዝሙር

የካናቢስን ታሪክ የምንጀምረውም ከዚያው ከኤስኪሮል ቤት ነው። ደቀ መዝሙሩ ዣክ ጆሴፍ ሞሮ፣ በተለምዶ ሞሮ ደ ቱር የሚባለው፣ በ1830ዎቹ መጨረሻ ወደ ግብፅና ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ተጉዞ የሐሺሽን ልማድ በዓይኑ አየ። በዚያው ዘመን በካልካታ ይሠራ የነበረው አየርላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦሻኔሲ፣ የሕንድን ካናቢስ ለቴታነስና ለሌሎች ሕመሞች ሞክሮ በ1839 ጽሑፉን አቅርቦ ነበር። የኦሻኔሲ ትኩረት በሰውነት ሕመም ላይ ሲሆን የሞሮ ግን በአእምሮ ላይ ነበር። ሐሺሹን ራሱ ወስዶ የደረሰበትን መዘገበ፤ በ1845ም ስለ ሐሺሽና ስለ አእምሮ መታወክ የጻፈውን መጽሐፍ አወጣ።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ፣ ሐኪም እብደትን ከውስጥ ሊያውቀው ይችላል፣ ሐሺሽም ለጥቂት ሰዓታት በሩን ይከፍትለታል የሚል ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጥብን ግን ስለ ሕክምና የጻፈው ጥቂት ገጽ ነው። ሞሮ ሐሺሽ የሚያመጣውን ደስታና የሐሳብ ፍጥነት ባየ ጊዜ፣ በድባቴ የተያዙ ሰዎችን ከማይለቃቸው ሐሳብ ለማላቀቅ የሚረዳ መስሎት ነበር። የሐሳባቸውን ሰንሰለት ይበጥሳል፣ ትኩረታቸውን ከአንዱ ነገር ላይ ያነሣል ብሎ ተስፋ አደረገ። ለሕሙማኑ ሰጣቸው፤ ተጫወቱ፣ ሣቁ። ኃይሉ ሲያልፍ ግን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ተመለሱ። ሞሮም ግምቴ የተሳሳተ ይመስለኛል ብሎ በዚያው መጽሐፍ አስፍሮታል።

ይህን ገጽ ባነበብሁ ቁጥር የማደንቀው የመለኪያውን ጊዜ ነው። ሞሮ በማታው ሣቅ ላይ ቢያቆም ኖሮ አዲስ መድኃኒት አገኘሁ ባለ ነበር። ነገር ግን የሕሙማኑን ቀጣይ ሁኔታ ተከታተለ። የሞሮ ሕሙማን በዛሬው ስያሜ ኦሲዲ ነበረባቸው ማለቴ አይደለም፤ የማይለቅ ሐሳብን በካናቢስ ለማላላት የተደረገው ሙከራ ግን ከሞላ ጎደል ሥነ አእምሮ ራሱን የቻለ ሙያ በሆነበት ዘመን የተጀመረ መሆኑን ያሳየናል።

ከመዝገቡ ዓምድ የተነበበ እብደት

ከሞሮ በኋላ በነበሩት ዐሠርት ዓመታት ካናቢስ በአውሮፓ የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ተራ ነገር ሆነ። በእንግሊዝ ቶማስ ክላውስተን በ1870 ኦፒየምን፣ ፖታሲየም ብሮማይድንና ካናቢስን በአእምሮ ሕሙማን ላይ እያነጻጸረ ሞከረ። ብሮማይድና ካናቢስ አንድ ላይ ሲሰጡ እንደ ኦፒየም የምግብ ፍላጎትን ሳይዘጉ ሕሙማኑን እንደሚያረጋጉ ጻፈ። ሥራው በዘመኑ መለኪያ ጠንቃቃ ነበር፤ የሕሙማኑን ክብደት እስከ መመዘን ደርሷል።

በቅኝ ግዛቶች ግን ሐኪሞች ዕፁን ያዩት ከሌላ ስፍራ፣ ከአእምሮ ሕሙማን ማቆያ በር ላይ ሆነው ነው። ለእነርሱ ካናቢስ ሕሙማንን ወደ ማቆያው የሚያመጣ መንሥኤ ነበር። በሕንድ ይህ እምነት እየበረታ ሲሄድ የእንግሊዝ መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑም በ1893 እና በ1894 አገሪቱን ዞሮ 1,193 ምስክሮችን ሰማ። ሲመረምር ያገኘው ነገር ለታሪክ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ነው። አንድ ሕመምተኛ ወደ ማቆያው ሲገባ የሚሞላ ቅጽ ነበረ፤ በቅጹም ላይ «የእብደቱ መንሥኤ» የሚል ዓምድ ነበረ። ዓምዱን ብዙ ጊዜ የሚሞላው ሕመምተኛውን ይዞ የመጣው ፖሊስ ነው። ባዶ መተው ስለማይቻል፣ ሰውየው ጋንጃ ማጨሱ ከተሰማ መንሥኤው ጋንጃ ተብሎ ይጻፋል። ሐኪሙ ከዓመታት በኋላ ዓምዱን ደምሮ ስታቲስቲክስ ያወጣል። ኮሚሽኑ መዝገቦቹን አንድ በአንድ ሲያጣራ አብዛኞቹ ማስረጃ አልባ ሆነው ተገኙ። በመጠን መጠቀም አእምሮን አይጎዳም፣ ከመጠን ያለፈ ግን ሊጎዳ ይችላል ሲልም ደመደመ።

የኮሚሽኑ ሪፖርት ግን ብዙ አንባቢ አላገኘም። በካይሮ የዓባሲያ ሆስፒታልን ይመራ የነበረው ጆን ዋርኖክ በ1903 «የሐሺሽ እብደት» ላይ ጽሑፍ አሳተመ፤ እርሱም የተነሣው ወደ ማቆያው ከገቡት ሰዎች ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ በጄኔቫ የኦፒየም ጉባኤ የግብፅ ልዑክ ሐሺሽ በአገሩ ላለው እብደት ዋና ምክንያት ነው ብሎ በብርቱ ተከራከረ። የ1925ቱ ስምምነትም የሕንድ ካናቢስን በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር አዋለ።

ዕፁን ከመድኃኒት ቤት ያስወጣው ሕግ ብቻ አለመሆኑን መጨመር ተገቢ ነው። ኃይሉ ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው ይለያያል፤ በውኃ ስለማይሟሟ በመርፌ አይሰጥም፤ እንደ ክሎራል ሃይድሬትና እንደ ባርቢቹሬት ያሉ መጠናቸው የታወቀ ማረጋጊያዎችም መጥተው ነበር። በአሜሪካ የ1937ቱ የግብር ሕግ ሲወጣ የሐኪሞች ማኅበር ተወካይ ዊልያም ውድዋርድ በምክር ቤት ፊት ቀርቦ ተቃውሟል፤ ዕፁ ግን በ1942 ከአገሪቱ የመድኃኒቶች መዝገብ ተሰረዘ። የ1961ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም ካናቢስን ከሄሮይን ጋር ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፆች ምድብ አስቀመጠው። ውጤቱ የምርምር መድረቅ ነበር፤ ፈቃድም ገንዘብም የማይገኝለት ጥያቄ ጠያቂ አያገኝም።

ኦሲዲ ያለ ካናቢስ

በዚያው የድርቅ ዘመን የኦሲዲ ሕክምና ታላቅ እርምጃ ተራመደ። በ1966 በለንደን ቪክተር ማየር በሁለት ሕሙማን ላይ አዲስ መንገድ ሞከረ፦ ሕመምተኛው ከሚፈራው ነገር ጋር እንዲገናኝ ተደርጎ፣ ጭንቀቱን የሚያበርድበትን ድርጊት ግን ይከለከላል። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ይቆያል፣ ይወርዳል። ሕመምተኛውም ሳይታጠብ ምንም እንደማይመጣበት ከራሱ ልምድ ይማራል። ይህ ሕክምና «መጋለጥና ምላሽን መከልከል» ይባላል፤ ዛሬም ከዋነኞቹ አንዱ ነው። በመድኃኒት በኩል ክሎሚፕራሚን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተሞክሮ በአሜሪካ በ1989 ለኦሲዲ ጸደቀ፤ በሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ ሌሎች መድኃኒቶችም ተከተሉት።

በአሜሪካ አምስት አካባቢዎች የተደረገ የሕዝብ ጥናት በ1980ዎቹ ይህ ሕመም ከ100 ሰዎች 2 ወይም 3 የሚሆኑትን በሕይወታቸው ዘመን እንደሚነካ ሲያሳይ፣ ብርቅ ሕመም ነው የሚለው የቆየ እምነት ፈረሰ። ነገር ግን እነዚህ ሕክምናዎች የማይበቋቸው ሕሙማን ብዙ ናቸው። እጅግ ለከበደባቸው ጥቂቶች በ2009 በአሜሪካ በአንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ የመትከል ሕክምና በልዩ ሁኔታ ተፈቅዷል። አንጎሉን ለቀዶ ሕክምና እስከ መስጠት የደረሰ ሰው ካናቢስንም ልሞክር ቢል ሊያስደንቀን አይገባም።

ዳግመኛ መገናኘት

ሁለቱን ታሪኮች ያገናኛቸው ኬሚስትሪ ነው። በ1964 በእስራኤል ራፋኤል ሜሹላምና የሐያል ጋኦኒ የካናቢስን ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር ቲኤችሲን ለይተው አወጡ። በ1990 ንጥረ ነገሩ የሚያርፍበት ተቀባይ በአንጎል ውስጥ ታወቀ፤ በ1992 ደግሞ አንጎል ራሱ የሚያመነጨው ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ተገኘና አናንዳማይድ ተባለ። ለኦሲዲ ግን ወሳኙ ዓመት 2002 ይመስለኛል። ያን ጊዜ የታተመ ጥናት፣ ይህ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች የተማሩትን ፍርሃት ለመርሳት እንደሚቸገሩ አሳየ። ነገሩ ከማየር ሕክምና ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ መጋለጥ የሚሠራው ፍርሃትን በአዲስ ትምህርት በመሻር ነውና። ጥያቄውም መልኩን ለወጠ፦ ካናቢስ ያሳርፋልን? ከማለት ይልቅ፣ ሕመምተኛው እንዲማር ይረዳዋልን? ማለት ተቻለ።

መልሶቹ ገና ጥቂት ናቸው። በ2008 ጀርመናውያን ሐኪሞች መደበኛ ሕክምና ያልበቃቸው ሁለት ሕሙማን ዶሮናቢኖል የተባለ የቲኤችሲ መድኃኒት ሲጨመርላቸው እንደ ተሻላቸው አስታወቁ። ሁለት ሰው ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። በ2021 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ኦሲዲ አለብን ያሉ 87 ሰዎች በስልክ መተግበሪያ የመዘገቧቸውን 1,810 የአጠቃቀም ጊዜያት መረመሩ። ሰዎቹ ካናቢስ እንደ ወሰዱ የአስገዳጅ ድርጊቱ ግፊት በ60 በመቶ፣ የሐሳቡ በ49 በመቶ፣ ጭንቀቱ በ52 በመቶ እንደ ቀነሰላቸው ገልጸዋል። ሆኖም በሐሳቡ ላይ የታየው እፎይታ በጊዜ ብዛት እየሳሳ ሄደ፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም።

ማነጻጸሪያ የነበረው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የተደረገውና በ2020 የታተመው ሙከራ ነው። ኦሲዲ ያለባቸው ጥቂት ጎልማሶች በተለያየ ቀን ቲኤችሲ የበዛበት፣ ካናቢዲዮል የበዛበትና ንጥረ ነገሩ የወጣለት ካናቢስ አጨሱ፤ ሙከራውን 12 ሰዎች ጨረሱ። በኦሲዲው ምልክቶች ላይ ዕፁ ከባዶው የተለየ ለውጥ አላመጣም፤ ጭንቀትንማ ይበልጥ ያበረደው ባዶው ነበር። ከዚያው ቡድን በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ አነስተኛ ጥናት ግን፣ ናቢሎን የተባለውን ሰው ሠራሽ ካናቢኖይድ ለብቻው የወሰዱት ብዙም እንዳልተሻላቸው፣ ከመጋለጥ ሕክምና ጋር የወሰዱት ግን እንደ ተሻላቸው አመለከተ። ተሳታፊዎቹ 11 ብቻ ስለ ነበሩና መድኃኒቱን ያልወሰደ ቡድን ስላልነበረ፣ ለውጡ የመድኃኒቱ ይሁን የሕክምናው መለየት አይቻልም። የጥያቄው አቀራረብ ግን ትክክለኛ ነው።

የዛሬዎቹ አቋሞች

ከዚህ በመነሣት የዛሬ ሐኪሞችን አቋም በሦስት ልንከፍለው እንችላለን። የመጀመሪያው የተቋማት አቋም ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ካናቢስ ለየትኛውም የአእምሮ ሕመም ሁነኛ ሕክምና መሆኑን የሚደግፍ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም ብሏል። በዚያው ዓመት በላንሴት ሳይካትሪ የታተመና 83 ጥናቶችን የገመገመ ሥራም ማስረጃው እጅግ ስስ መሆኑን አሳይቷል። ጉዳቱም አይዘነጋም፤ በ1987 የታተመው የስዊድን ምልምል ወታደሮች ጥናት፣ ዕፁን ከ50 ጊዜ በላይ የተጠቀሙት ለስኪዞፍሬንያ የመጋለጥ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ስድስት እጥፍ መሆኑን አመልክቷል።

ሁለተኛው የመጋለጥ ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች ሥጋት ነው። ጭንቀት በመጣ ቁጥር የሚጨስ ዕፅ አዲስ አስገዳጅ ድርጊት ይሆናል፤ ሕመምተኛውም ለመማር የሚያስፈልገውን ጭንቀት ሳይቀምስ ያልፋል ይላሉ። ሦስተኛው የተመራማሪዎች አቋም ነው። ሕሙማኑ ራሳቸው እየወሰዱት ነውና ዝም ማለት አያዋጣም፣ በመጠን፣ በዓይነትና ከምን ጋር እንደሚሰጥ ለይተን እንፈትን የሚል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን ከጥብቁ ምድብ ሲያወጣው ለእነዚህ ሰዎች በሩ በመጠኑ ተከፈተ።

ከሐኪሞች ውጭ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አራተኛ ክርክር አለ፤ ዕፁ ጥንታዊ ነው የሚል። ጥንታዊነቱን አልክድም። በአገራችን በጣና ሐይቅ አካባቢ ላሊበላ ዋሻ ከተባለ ስፍራ በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ማጨሻዎች የካናቢስ ቅሪት እንደ ተገኘባቸው በ1975 ታትሟል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ተጠግቶ ተገምቷል። ይህ ሰዎች ማጨሳቸውን ይነግረናል እንጂ መፈወሳቸውን አይነግረንም። ዛሬ ዕፁን ማምረትም ሆነ መጠቀም በወንጀል ሕጋችን የተከለከለ ነው፤ ይህም ደግሞ ስለ ሕክምና ዋጋው ምንም አይነግረንም። የሸክላው ዕድሜም የሕጉ አንቀጽም የሐኪሙን ጥያቄ አይመልሱም።

ለተማሪዎች የሚቀር ነገር

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ አንዳንዶቻችሁ ሐኪሞች፣ አንዳንዶቻችሁ ሕግ አውጪዎች ትሆናላችሁ። ስለ ካናቢስና ስለ አእምሮ የተጻፈ ነገር ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር መርምሩ። ጸሐፊው የት ቆሞ ነው ያየው? በማቆያው በር የቆመ የተጎዱትን ብቻ ያያል፤ ያልተጎዳ አይመጣለትምና። በመተግበሪያ የሚመዘግበውም እየተጠቀሙ የቀጠሉትን ብቻ ያያል፤ ያልጠቀመው ትቶታልና። ቀጥሎ፣ መቼ ለካ? በሰዓቱ ወይስ በወሩ? በመጨረሻም፣ ከምን ጋር አነጻጸረ? በሕንድ ፖሊስ የተሞላውን ዓምድ የሚያህል ደካማ ማስረጃ ዛሬም በአማረ ሠንጠረዥ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ ለሕመምተኛው ያለን ርኅራኄ ማነስ ተደርጎ እንዳይወሰድ እሻለሁ። እጇን እየፈተገች የምታነጋ ሴት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ብታገኝ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያንን የሚነቅፍ ሐኪም ሌሊቱን አብሯት አላደረም። ነገር ግን በሌሊቱ እንቅልፍ ፈውስ አገኘሽ ብሎ የሚያሰናብታት ሐኪም፣ መጋለጥን የሚያስተምራት ሰው ፍለጋ መሄዷን ያስቀራታል። በአንጻሩ፣ ማስረጃ የለም የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተሸክሞ ማስረጃ እንዳይፈለግ በር የሚዘጋ ተቋምም የ1925ን ዝምታ ይደግማል። ሞሮ ደ ቱር በ1845 ከእነዚህ ከሁለቱ ርቆ ቆሟል፤ ሞከረ፣ ቆይቶ አየ፣ ያየውንም ጻፈ። የዛሬዎቹ ጥናቶች ከእርሱ የሚሻሉበት መንገድ ብዙ ነው፤ የሕሙማኑን ቀጣይ ወራት እስኪያሳዩን ግን የእርሱ ጥያቄ እንደ ተከፈተ ይቆያል።